የኀዘን መድኃኒትና የሌሊት እግር

የጥቅምት ወር ገብቶ በጎማ፣ በማና፣ በጌራና በሊሙ ቡናው መቅላት ከጀመረበት ዕለት አንሥቶ ለቀማው እስኪያልቅ ድረስ፣ ከንጋት እስከ ምሽት በዳገትና በቁልቁለት ቆሞ የዋለ ሰው ወደ ቤቱ ተመልሶ እግሬን አመመኝ ቢል የሚደነቅ አይኖርም። የቤቱ ሰዎች ውኃ አሙቀው እግሩን ያጥቡታል፣ በቅባት ያሹታል፣ ቀደም ብሎ እንዲተኛም ይመክሩታል፤ ድካም ነውና በዕረፍት ይወገዳል ብለው ያምናሉ፣ እምነታቸውም በአብዛኛው እውነት ነው። ዳሩ ግን ከእነዚሁ ደካሞች መካከል ዕረፍት የሚያሽረው ሳይሆን ዕረፍት የሚቀሰቅሰው ሌላ ዐይነት የእግር ሕማም ያደረበት ሰው ይገኛል። ቆሞ ሲውል፣ ቅርጫት ተሸክሞ ሲወጣና ሲወርድ ምንም ያልተሰማው ይህ ሰው፣ ጀርባውን ከመደቡ ላይ አሳርፎ ዐይኑን ሊከድን ሲል ከጉልበቱ በታች፣ በአጥንትና በሥጋ መካከል፣ በቃል ሊገልጸው የማይችለው ነገር ይነሣበታል፤ እግሩን እንዲያነቃንቅ ግድ ይለዋል፤ ተነሥቶ ሲራመድ ይተወዋል፣ ተመልሶ ሲተኛ ይመለስበታል፤ እንዲህ ሲል ሌሊቱ ያልፋል።

ይህ ደዌ በሐኪሞች ዘንድ ዕረፍት የለሽ እግር ይባላል። በሽተኞቹ ስሜቱን ሲናገሩ አንዱ ይወረኛል፣ ሌላው ይነዝረኛል፣ ሦስተኛው ውስጥ ውስጡን ይበላኛል፣ ባክከው ግን አላገኘውም ይላል። አነጋገራቸው ቢለያይም ሐኪሙ የሚፈልጋቸው ምልክቶች የታወቁ ናቸው፤ ይኸውም እግርን ለማንቀሳቀስ የሚያስገድድ ብርቱ ፍላጎት መኖሩ፣ ይህም በመቀመጥና በመተኛት ጊዜ መጀመሩ ወይም መባሱ፣ በመራመድና እግርን በመዘርጋት መቅለሉ፣ ከቀን ይልቅ በማታና በሌሊት መበርታቱ፣ በመጨረሻም እንደ ቁርጥማት ወይም እንደ ጡንቻ መሸማቀቅ ባለ በሌላ ሕመም ብቻ የሚመካኝ አለመሆኑ ነው። ደም ተመርምሮ ወይም ራጅ ተነሥቶ የሚታይ ደዌ አይደለም፤ የሚታወቀው በጥያቄና በመልስ ነው፣ ስለዚህም ካልተጠየቀ ተሰውሮ ይኖራል። ማኅሌት ቆሞ የሚያድር ደብተራ፣ በረመዳን ሌሊት ተራዊሕ የሚሰግድ ሙስሊም በመቆሙና በመንቀሳቀሱ ሕማሙ ሊታገሥለት ይችላል፤ በአንጻሩ ከጅማ ተነሥቶ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚጓዘው በሽተኛ፣ ጉልበቱ ከፊተኛው ወንበር ጋር ተጣብቆ ለሰዓታት ሲቀመጥ፣ ጉዞው የሥቃይ ጉዞ ይሆንበታል። እንቅልፍ ቢወስደው እንኳ ከአሥር በሽተኞች ስምንቱ ያህል ሳያውቁት እግራቸውን በየጥቂቱ ሴኮንድ ያወራጫሉና፣ ለዚህ ምስክሩ በሽተኛው ሳይሆን አብሮት የሚተኛው ሰው ነው።

ደዌው የዘመናችን ግኝት አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1672 በላቲን ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ እግራቸው አላስተኛ ስላላቸው ሰዎች ጽፎአል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ለብዙ ዘመን ተዘንግቶ ቆይቶ፣ ስዊድናዊው የነርቭ ሐኪም ካርል አክሰል ኤክቦም እ.ኤ.አ. በ1945 ምልክቶቹን አንድ በአንድ መዝግቦ ስም ሰጠው። በአውሮጳና በሰሜን አሜሪካ በተደረጉ ጥናቶች ከመቶ ሰዎች መካከል ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ስሜቱ በልዩ ልዩ መጠን እንዳለባቸው፣ ሕክምና እስኪያሻቸው ድረስ የሚሠቃዩት ግን ከመቶ 2 ወይም 3 ያህል እንደ ሆኑ ታውቋል። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል፤ ከአምስት ነፍሰ ጡሮች አንዷ ያህል፣ ይልቁንም በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፣ ታገኘዋለች። ኵላሊታቸው የደከመባቸውንም ሰዎች ያጠቃል። በዘር የሚተላለፍ ጠባይ እንዳለውም እ.ኤ.አ. በ2007 በሙኒክ ያሉ ተመራማሪዎች፣ በዚያው ዓመትም በአይስላንድ ያሉት፣ ከደዌው ጋር የተያያዙ ጂኖችን ለይተው በማውጣታቸው ተረጋግጧል።

የዚህ የእግር ሕማም ሥር ያለው በእግር ሳይሆን በአንጎል ነው። የሰውነታችንን እንቅስቃሴ ከሚያስተካክሉት መልእክተኛ ንጥረ ነገሮች አንዱ ዶፓሚን ሲሆን፣ አንጎል ዶፓሚንን ለመሥራት የሚገለገልበት ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ የተባለው ኤንዛይም ያለ ብረት ማዕድን ሥራውን ሊፈጽም አይችልም። ሊቃውንቱ በኤም አር አይ መሣሪያ የሕያዋንን አንጎል ተመልክተው፣ ያረፉ በሽተኞችንም አንጎል መርምረው፣ ዶፓሚን በሚመነጭበት በመካከለኛው አንጎል ክፍል የብረቱ መጠን ጎድሎ አገኙት፤ የሚያስደንቀውም ከእነዚህ በሽተኞች ብዙዎቹ ደም ማነስ የሌለባቸው፣ ፊታቸው ያልገረጣ፣ ጉልበታቸውም ያልከዳቸው ሰዎች መሆናቸው ነው። ደሙ ሙሉ ሆኖ ሳለ አንጎሉ የተራበ ሰው አለ ማለት ነው። ብረት በደም ውስጥም፣ ዶፓሚንም በአንጎል ውስጥ፣ የየዕለት ሥርዐት አላቸው፤ በማታ ሁለቱም ይወርዳሉ። ደዌው ፀሐይ ስትጠልቅ የሚነሣው፣ ሊነጋጋ ሲልም ጋብ የሚለው ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

እዚህ ላይ ነው የኀዘን መድኃኒት ወደ ታሪኩ የሚገባው። ልብን የሚያጨልመውን፣ የመብላትና የመሥራት ፈቃድን የሚነሣውን፣ ዛሬ ድባቴ የምንለውን ሕመም በኪኒን ለማከም የተቻለው ከ1950ዎቹ የአውሮጳ ዓመታት ወዲህ ነው፤ የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘውም የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የሚወስዱት መድኃኒት ስሜታቸውን ሲያነቃቃ በመታየቱ ነበር። ስዊስ ሐኪም ሮላንድ ኩን በዚያው ዘመን ኢሚፕራሚንን ሞከረ፤ አሚትሪፕቲሊን ተከተለ፤ ፍሎክሰቲንም እ.ኤ.አ. በ1987 መጨረሻ በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቶ በዓለም ተሠራጨ። የዓለም ጤና ድርጅት ፍሎክሰቲንን በአስፈላጊ መድኃኒቶች መዝገቡ ከአሚትሪፕቲሊን ጎን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ በአገራችን የጤና ተቋማትም ከሌሎቹ ይልቅ የሚታወቁት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው፤ ሰርትራሊንም ይጨመራል። አሚትሪፕቲሊን ለድባቴ ብቻ ሳይሆን ለማያቋርጥ ራስ ምታትና ለነርቭ ሕመም በአነስተኛ መጠን በማታ ስለሚሰጥ፣ ድባቴ የሚባል ነገር ያልነካው ሰው እንኳ ሲወስደው ይገኛል።

እነዚህ መድኃኒቶች በተለያየ መንገድ ይሥሩ እንጂ አብዛኞቹ ሴሮቶኒን የተባለው ሌላው መልእክተኛ በነርቮች መካከል እንዲበረክት ያደርጋሉ። ሴሮቶኒን ሲበረክት ደግሞ ዶፓሚንን የሚያመነጩትን ሕዋሳት ሥራ ይገታል፤ ከአንድ ምንጭ በሚጠለፍ የመስኖ ውኃ ለላይኛው ማሳ ቦዩ ሲሰፋለት የታችኛው እንደሚጎድልበት ያለ ነው። ብረቱና ዶፓሚኑ የተስተካከለለት ሰው ይህን ጉድለት አያውቀውም። በዘሩ ዝንባሌ ያለው፣ ወይም የብረት ክምችቱ ሊሟጠጥ የደረሰ ሰው ግን ያችው ጥቂት መቀነስ ትበቃዋለች፤ ተኝቶ የነበረው ደዌ ይነቃል፣ ቀድሞም የነበረው ይብሳል። ለዚህ አሳብ ድጋፍ የሚሆነው ቡፕሮፒዮን የተባለው ፀረ ድባቴ መድኃኒት ነገር ነው፤ ይህ መድኃኒት ሴሮቶኒንን ሳይነካ ዶፓሚንን የሚያግዝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ በታተመና ዕረፍት የለሽ እግር ያለባቸው 60 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ የእግሩን ሕማም ሲያብስ አልታየም፤ በሦስተኛው ሳምንት እንዲያውም ጥቂት ማቃለል ታይቶበት ነበር፣ ምንም እንኳ በስድስተኛው ሳምንት ልዩነቱ ባይጸና።

ነገሩ በጀርመን አገር በቁጥር ተመርምሯል። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ጥናት አዲስ ዘመን አመጣሽ ፀረ ድባቴ መድኃኒት የጀመሩ 271 ሕሙማን ስለ እግራቸው ተጠይቀው፣ ከመቶ 9 የሚሆኑት ሕማሙ አዲስ እንደ ጀመራቸው ወይም የነበረባቸው እንደ ባሰ ታወቀ። መድኃኒቶቹ ግን በዚህ ረገድ እኩል አልነበሩም፤ ሚርታዛፒን የወሰዱት ከመቶ 28 ሲሆኑ፣ ፍሎክሰቲንን፣ ሰርትራሊንን፣ ሲታሎፕራምን፣ ቬንላፋክሲንንና መሰሎቻቸውን የወሰዱት ከመቶ ከ5 እስከ 10 ነበሩ፤ ሪቦክሰቲን በተባለው ግን አንድም አልተገኘም። ሚርታዛፒን ከሁሉ መብለጡ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህ መድኃኒት ሴሮቶኒንን ከመንካቱ በላይ የሂስታሚንን ሥራ ይዘጋልና፣ እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂ ኪኒኖችም በዚሁ በር ገብተው እግርን እንደሚያውኩ ከዚያ በፊት ይታወቅ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ከመቶ 9 ማለት ከመቶ 91 ምንም አላገኛቸውም ማለት እንደ ሆነ አትርሳ። መድኃኒቱ ክፉ ነው የሚል ቃል ከዚህ ጽሑፍ ይወጣ ዘንድ አልፈቅድም፤ ድባቴ የጸናባቸውን ብዙ ሰዎች የሚረዳ በጎ ሥራይ ነውና።

ከዚያ ጥናት ይልቁንም ልብ ሊባል የሚገባው የጊዜው ነገር ነው። የእግሩ ሕማም የተነሣባቸው ሰዎች በአብዛኛው የተነሣባቸው መድኃኒቱን በጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ ነበር። ፀረ ድባቴ መድኃኒት ልብን ማቅናት የሚጀምረው ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ከቆየ በኋላ ነው፤ ሙሉ ፍሬው ለመታየት ከዚያም በላይ ይፈልጋል። እንግዲህ ጉዳቱ ቀድሞ ደርሶ ጥቅሙ ወደ ኋላ ይዘገያል፤ በሁለቱ መካከል ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሽተኛው ያየው መድኃኒት እንቅልፉን የነሣውን እንጂ ኀዘኑን ያቀለለትን አይደለም።

ይህን በጅማ ዞን ኑሮ ላይ አድርገን እናስበው። አንዲት ሴት ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ገነት ወጣ ካለ ቀበሌ ተነሥታ፣ ምናልባት ስለ ሕመሟ ጸሎት ካስደረገችና ጠበል ከተጠመቀች፣ ወይም ዱዓ ካስደረገች በኋላ፣ የትራንስፖርት ዋጋ ከቡናው ገንዘብ ላይ ቀንሳ ጅማ ትደርሳለች፤ ተመርምራ መድኃኒት ይሰጣታል፤ ከወር በኋላ ተመለሽ ትባላለች። በሦስተኛው ሌሊት እግሯ ይነሣባታል። ቀድሞም ባልተኛ ዐይኗ ላይ ሌላ ንቃት ይጨመርበታል፤ ጎረቤት መድኃኒቱ አልተስማማሽም ይላታል፤ እርሷም አንድም ሰው ሳታማክር ትተወዋለች። ፍሎክሰቲን ከሰውነት ወጥቶ ለማለቅ ሳምንታት የሚፈጅ መድኃኒት በመሆኑ፣ ካቆመችውም በኋላ እግሯ ወዲያው አያርፍላትም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የኪኒኑ እንደ ሆነ እንኳ እርግጠኛ ልትሆን አትችልም፣ ምናልባትም የበሽታዋ አንድ ገጽ ወይም የክፉ መንፈስ ሥራ አድርጋ ትቈጥረዋለች። በወሩ ቀጠሮዋ አትመጣም። በመዝገብ ላይ ስሟ ሕክምናዋን ካቋረጡት ጋር ይጻፋል፣ ለምን እንዳቋረጠች ግን አይጻፍም።

እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። አሚትሪፕቲሊንን ወይም ሰርትራሊንን በድንገት የሚያቋርጥ ሰው ራስ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የተረበሸ ሕልምና መቅበጥበጥ ሊያገኘው ይችላል፤ ከዚህም የሚከፋው ድባቴው የሚመለስ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚያዝዘው መድኃኒቱ ሕመሙ ከለቀቀ በኋላ እንኳ ከ9 እስከ 12 ወር እንዲቀጥል ሆኖ ሳለ፣ በሦስተኛው ሌሊት የተጣለ ኪኒን ለማንም አይበጅም። እግሩ የተነሣበት ሰው ማድረግ የሚገባው ወደ ሰጠው ባለሙያ ተመልሶ የሆነውን መንገር ነው፤ መጠኑ ሊቀነስ፣ ሰዓቱ ከማታ ወደ ጧት ሊዛወር፣ መድኃኒቱ በሌላ ሊለወጥ፣ ወይም የጎደለው ብረት ሊሞላ ይችላል። ይህ ሁሉ የሐኪም ሥራ እንጂ የበሽተኛው የብቻ ውሳኔ አይደለም።

ሌላም መደናገር አለ። ዕረፍት የለሽ እግር ያለበት ሰው ለወራት እንቅልፍ አጥቶ ሲቆይ ይደክማል፣ አሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል፣ ይበሳጫል፣ ከሰው ይርቃል፤ ሐኪሙ ፊት ቀርቦ እንቅልፍ የለኝም፣ ጉልበት የለኝም፣ ልቤ ከፋ ሲል፣ እነዚህ ሁሉ የድባቴ ምልክቶች ተብለው በመጽሐፍ የተጻፉ ናቸውና፣ ያልተጠየቀው እግሩ ተሰውሮ ፀረ ድባቴ መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል። ያን ጊዜ የሕማሙ ምክንያት ሳይነካ ሕማሙን የሚያበረታ ነገር ተጨመረበት ማለት ነው። በእውነቱ ሁለቱ ደዌዎች አብረው የሚኖሩበትም ጊዜ ብዙ ነው፤ ዕረፍት የለሽ እግር ያላቸው ሰዎች ድባቴ የሚያገኛቸው ከሌሎቹ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ አንዱን አግኝቶ ሌላውን መተው አይገባም። ከዚህም ጋር የአእምሮ ሕሙማን ከሚወስዱት እንደ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ካሉት መድኃኒቶች የሚመጣው መቁነጥነጥ ሌላ ነገር ነው፤ ያኛው ቀንም ሌሊትም ሳይለይ መላ ሰውነትን አላስቀምጥ ይላል፣ መራመድም እምብዛም አያሳርፈውም። ለማስታወክ የሚሰጠው ፕላሲል፣ እንቅልፍ ያመጣልኛል ተብሎ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የአለርጂ ኪኒን፣ ሁለቱም ዕረፍት የለሽ እግርን እንደሚያብሱ የታወቀ ነው። እግሩ አላስተኛ ያለው ሰው እንቅልፍ ፍለጋ የአለርጂ ኪኒን ሲውጥ ማየት ከሁሉ ይልቅ ያሳዝናል።

አሁን ወደ ብረቱ እንመለስ፤ በዚህ በቡና አገር ብዙ የሚነገርበት ነውና። የብረት ክምችትን የሚለካው ፌሪቲን የተባለው የደም ምርመራ ሲሆን፣ ዕረፍት የለሽ እግር ላለበት ሰው ከ75 ማይክሮ ግራም በሊትር በታች ከሆነ ብረት እንዲሰጠው ይመከራል፤ ይህ ልክ ለደም ማነስ ከሚታየው ልክ በብዙ የሚበልጥ ነው፣ ምክንያቱም የሚፈለገው ደሙን ብቻ ሳይሆን አንጎሉን መመገብ ነው። ትኩሳት ወይም ሌላ ብግነት ያለበት ሰው ፌሪቲኑ በሐሰት ከፍ ሊል ስለሚችል ይህንም ሐኪሙ ያስተውላል። ለመሆኑ ብረት በምን ያልቃል? በወር አበባ፣ በተደጋጋሚ እርግዝናና ማጥባት፤ ሁክዎርም በሚባለው የአንጀት ትልም። የዚህ ትል እጭ የሚወደው ጥላ ያለበትን እርጥብና ሞቃት አፈር ነው፤ የጅማ የቡና ጫካ ደግሞ ይህንኑ አሟልቶ ይዟል። እጩ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ገብቶ በአንጀት ተቀምጦ ደም ይመጥጣል፤ እግርን አላስተኛ የሚለው ደዌ አንዳንዴ መንገዱን የሚጀምረው በዚያው እግር ተረከዝ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በእንጀራችን ውስጥ ያለው ጤፍ በብረት የበለጸገ ነው ይባላል፤ ከዚያ ብረት ግን ከፊሉ በአውድማ ከአፈር የተቀላቀለ በመሆኑ አንጀት እምብዛም አይቀበለውም።

ቡናስ? እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ከምግቡ የሚገኘውን የብረት መጠን ከመቶ 39 ያህል እንደሚቀንስ፣ ሻይ ደግሞ ከመቶ 64 እንደሚቀንስ ተለክቷል። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ ቢጠጣም ቅነሳው ያው ሆኖ ተገኘ፤ ከምግብ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ሲጠጣ ግን ምንም ቅነሳ አልታየም። በቡናው ውስጥ ያሉ ፖሊፌኖል የተባሉ ንጥረ ነገሮች ብረቱን በአንጀት ውስጥ አስረው ይይዙታልና። በጅማና በዙሪያው ምሳ ተበልቶ ሳይነሣ ጀበናው ከምድጃው ላይ የሚወጣበት ቤት ብዙ ነው፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ሁሉ የሚወርደው በምግቡ ላይ ነው። በቡና ላይ ክፉ ቃል ልናገር አልነሣሁም፤ ይህ ምድር የኖረበት፣ ልጆች የተማሩበት፣ ጎረቤት የታረቀበት በረከት ነው። ነገር ግን ብረቷ ያነሰ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ እግሯ ሌሊት የሚነሣባት ሴት ቡናዋን ከምግብ አስቀድማ ወይም ከምግብ ሁለትና ሦስት ሰዓት አርቃ ብትጠጣ፣ የብረት ኪኒኗንም በቡና ወይም በሻይ ሳይሆን በብርቱካን ወይም በሎሚ ጭማቂ ብትውጠው ይጠቅማታል። የማታው ስኒ ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ ካፌይን እንቅልፍን ያርቃል፣ እንቅልፍ የራቀውም ሰው እግሩን የሚያዳምጥበት ሰዓት ይረዝምበታል።

ብረት የማይበቃው በሽተኛ ሌላ መድኃኒት አለለት። ለነርቭ ሕመም የሚሰጡት ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ዛሬ ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። ቀደም ሲል የመጀመሪያው ምርጫ የነበሩት ዶፓሚንን የሚመስሉት እንደ ፕራሚፔክሶል ያሉት፣ መጀመሪያ ላይ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ሥራ ይሥሩ እንጂ በዓመታት ውስጥ ሕማሙን ከማታ ወደ ከሰዓት፣ ከእግር ወደ እጅ የሚያስፋፉ ሆነው ስለ ተገኙ አሁን በጥንቃቄ ይያዛሉ።

ጅማ በዚህ ረገድ ከብዙ የአገራችን ከተሞች የተሻለ መሣሪያ አላት። ቀድሞ አእምሮው የታመመ የጅማ ሰው ተስፋው አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ያ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በኢትዮጵያ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከግብርናው ኮሌጅና ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕዶ የተመሠረተው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ግን ዛሬ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን የሚያስተምር ሲሆን፣ በዚህም ሥራ ከሙኒኩ ሉድቪግ ማክሲሚልያን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሯል፤ ተማሪዎቹንም ወደ ገጠሩ ማኅበረሰብ አውጥቶ ማስተማርን ከመጀመሪያ ጀምሮ መታወቂያው አድርጎታል። እነዚህ ተማሪዎች በየጤና ጣቢያው ሲመደቡ ፀረ ድባቴ መድኃኒት ከመጻፋቸው በፊት በአማርኛም በኦሮምኛም የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ እንዲጨመር እለምናለሁ፤ «እናቴ፣ ማታ ሲተኙ እግርዎ አላስተኛ ብሎ ያስነሣዎታል? ሲራመዱስ ይተውዎታል?» የሚል። መልሱ አዎን ከሆነ ፌሪቲን መመርመር በሚቻልበት ይመረመራል፣ የመድኃኒቱም ምርጫ ይታሰብበታል፤ አይደለም ከሆነም ይህ ስሜት ቢመጣ መድኃኒቱን ሳይጥሉ ተመለሱ የሚል ቃል አብሮ ይሰጣል። የመጀመሪያውም ቀጠሮ ከወር ወደ ሰባት ቀን ቢያጥር፣ ከሩቅ ቀበሌ ለመጣ ሰው ደግሞ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በሳምንቱ ቤቱ ደርሳ ስለ ልቡ ከጠየቀችው በኋላ ስለ እግሩም ብትጠይቀው፣ ኪኒኑ በሦስተኛው ሌሊት ከመጣሉ በፊት ነገሩ ወደ ጤና ጣቢያው ይደርሳል።